እቁቤን ለኪቦርድ ላውጣው?

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እጄም ደህና ነው። «እጅህን ማን ጠየቀህ?» እንዳትሉኝ። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እጅ ነው።

እንደምታውቁት ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛው የፍቅር ጣጣ ነው። «ስልኬን አላነሣ አለኝ»፣ «ቤተሰቦቿ ናቁኝ»፣ «ሦስት ዓመት ጠብቄው ሌላ አገባ»... የዛሬ ሁለት ሳምንት የደረሰኝ ግን ለየት ይላል። ገና ከመጀመሪያው መስመር «ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ ታናሽ እህቴ ናት፤ እኔ እየነገርኳት ነው» ይላል። ለምን ብትሉ፣ የባለቤቲቱ እጅ ታሞ!

ልጅቷ (ስሜን እንዳትጠራ ብላኛለች፤ አልጠራም) የ24 ዓመት ወጣት ናት። ቀን ቀን አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ማታ ኮሌጅ ትማራለች። የሚከፈላት በገጽ ነው። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ውል ትጽፋለች፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ትጽፋለች፤ ሲመሽ ደግሞ ቤቷ ይዛው የምትገባው ሥራ አለ። አብዛኛው አማርኛ ነው። ከአምስት ወር ወዲህ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ታቃጥላት ጀመር፤ ቃጠሎው ክንዷ ድረስ ይወጣል። የቀኝ እጇ አንጓ ደግሞ ጠዋት ስትነሣ ደርቆ ያድራል። ጤና ጣቢያ ሄዳ «እረፍት አድርጊ» ተብላለች። «እኔ ባርፍ ገጹን ማን ይጽፍልኛል? የአሠሪዬን ፊትስ ማን ይችለዋል?» ትላለች።

ዋናው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እቁብ ደርሷታል። ብሩ የታሰበው ለመጨረሻው ሴሚስተር ክፍያ ነበር። ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቷ ልጅ ግን ሕመሟን ሰምቶ የአንድ ኪቦርድ ፎቶ ላከላት። ኪቦርዱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ለግራ እጅ፣ ግማሹ ለቀኝ እጅ፣ በመሐሉ አንድ ቀጭን ገመድ። ከሥሩ እንደ ገና ዛፍ ይበራል። ልጁ ከ6 ሳምንት በኋላ ለእረፍት ሲመጣ ይዞላት ይመጣል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እሷ ናት። ካልተስማማት ደግሞ መመለስ የለም። እናቷ «በእቁብ ብር ኪቦርድ ተገዛ ሲባል ጎረቤት ምን ይለኛል? ያውም የተሰበረ!» ብለዋል። (እማማ፣ አልተሰበረም፤ ሆን ተብሎ ነው።)

«እሺ ልበለው?» ትለኛለች።

አይ እህቴ! እሺ አትበይው። እምቢም አትበይው። «ሁለት ሳምንት ስጠኝ» በይው። እስከዚያ እኔና አንቺ ሥራ አለን።

ነገሩን በወሬ ብቻ የማውቀው እንዳይመስላችሁ። እኔም እንጀራዬ በጣቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንጓዬን ሲያመኝ፣ ልክ የአክስትሽ ልጅ የላከልሽን ዓይነት በፎቶ አይቼ፣ በዓይኔ ወድጄ፣ ብር ተበድሬ አስመጣሁ። 42 ቁልፍ ብቻ ያለው ነው። ሲያምር! እንደ ጌጥ ነው። ሲደርስ ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? የቁጥር ረድፍ የሚባል የለውም። 1፣ 2፣ 3 ለመጻፍ አንዱን ቁልፍ በአውራ ጣት ይዞ ሌላውን መጫን ነው። ቀን፣ ዓመተ ምሕረት፣ የብር መጠን በመጣ ቁጥር ቆም ብዬ እጄን ሳይ እውላለሁ። በደቂቃ 40 ቃል የምጽፍ ሰውዬ 10 ቃል አቃተኝ። በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ሥር ገባ፤ ዕዳው ግን አልጋ ሥር አልገባም።

ስለዚህ እስቲ መጀመሪያ የሕመሙን ምንጭ እንየው። ጋዜጣውን አስቀምጡና ሁለት እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ ዝም ብላችሁ ጣል አድርጉ። ልብ በሉ፣ እጆቻችሁ በትከሻችሁ ልክ ተራርቀው ነው የሚያርፉት። መዳፋችሁም ድፍት አይልም፤ በአውራ ጣት በኩል ከፍ ይላል፤ ሰው ለመጨበጥ እንደተዘጋጀ እጅ። አሁን እዚያው ላይ የተለመደው ኪቦርድ እንዳለ አስቡና ጣቶቻችሁን ወደ መሐል ሰብስቡ። ክርን ወደ ጎድን ይጠጋል፤ መዳፍ በግድ ይደፋል፤ አንጓ ደግሞ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይሰበራል። የኪቦርዱ የኋላ እግሮች ከተዘረጉ እጅ ወደ ላይም ይቀለበሳል። እንዲህ ሆኖ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ምንም አይደል። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ዓመት ከዓመት ሲሆን ነው ጣጣው።

ይህን ቅርጽ ማን ፈረደብን? ክሪስቶፈር ሾልስ የተባለው አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር የፈለሰፈውን የጽሕፈት መኪና ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1874 ገበያ ሲያወጣው ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የብረት ዘንግ ነበር። ዘንጎቹ ጎን ለጎን የሚያልፉበት ቦታ እንዲያገኙ አንዱ ረድፍ ከሌላው ትንሽ ፈቀቅ ተደርጎ ተሠራ። ዛሬ ዘንጉ የለም፤ ፈቀቅ ማለቱ ግን ይኸው እስካሁን አለ! የሰው ጣት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ኪቦርዱ ግን በሽቅብ ወደ ጎን ይጎትተዋል።

ይህ አይሆንም ያለ ሰውም ዛሬ አልተነሣም። ክሎክንበርግ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1926 ኪቦርዱ ለሁለት ይከፈል ብሎ ጽፏል። ክሮመር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈለና ወደ ጎን ያዘነበለ ኪቦርድ በሰው ላይ ሞክሮ አሳተመ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ እንግሊዝ አገር ሊሊያን ማልት የተባሉ የታይፕ አሠልጣኝ ከስቲቨን ሆብዴይ ጋር ሆነው ማልትሮን የሚባለውን ሠሩ፤ ቁልፎቹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ናቸው፤ ለአውራ ጣት ደግሞ የራሱ ሰፈር ተሰጠው። ከዚያ ኪኔሲስ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ማይክሮሶፍትም በ1994 የየራሳቸውን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ኤርጎዶክስ የሚባለው መጣና ንድፉ ለማንም ክፍት ሆኖ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ጎበዝ፣ ያልሠራ የለም! የአክስትሽ ልጅ ፎቶም የዚያ ዘር ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጣት ልምጣ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት «የግራ እጄ ትንሿ ጣት» የምትለው ላይ ስደርስ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው እንዲህ አይልም አልልም፤ የአማርኛ ጸሐፊ ግን በተለይ ይህችን ጣት ነው የምትቀጣው። ለምን? በሺፍት!

በድምፅ የምንጽፍበትን ዘዴ አስቢ። «ጠረጴዛ» ብለሽ ጻፊ። አራት ፊደል ናት አይደል? ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት ዘዴ ግን ካፒታል ቲ፣ ኢ፣ አር፣ ኢ፣ ካፒታል ፒ፣ ካፒታል ኢ፣ ዜድ፣ ኤ ነው የምትጫኚው። ስምንት ቁልፍ፤ በዚያ ላይ ሺፍት ቢያንስ ሁለት ጊዜ። ጥ ሺፍት ነው፣ ጭ ሺፍት ነው፣ ኝ ሺፍት ነው። «ቤት» ብትዪ፣ «ሴት» ብትዪ፣ ያው ሺፍት ነው። (ኃምሱን በሌላ ቁልፍ የሚያስጽፉ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ያንቺ እንዲያ ከሆነ ሸክምሽ ትንሽ ቀሎልሻል።) አብዛኞቻችን ደግሞ ቀኝም አለ ግራም አለ የግራውን ሺፍት ብቻ ነው የምንይዘው። ካፒታል ቲንና ካፒታል ኢን አይተሻል? ሁለቱም የግራ እጅ ናቸው። ትንሿ ጣት ጥግ ላይ ሺፍትን ተጭና፣ ሌባ ጣት ወይም መሐል ጣት ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ አንድ መዳፍ እንደ ቆዳ ተወጥሮ... ይህ በቀን ስንት ሺህ ጊዜ ነው? ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል እዚያች ጠባብ ማሽን ላይ የት ላስቀምጠው ብለው ተጨንቀዋል። እኛ ጭንቀቱን ለትንሿ ጣት አስረክበን ተገላገልን።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቂኝ፣ ለአማርኛ ጸሐፊ የዚህ ኪቦርድ ትልቁ ቁም ነገር ለሁለት መከፈሉ አይደለም። አውራ ጣቱ ነው! የተለመደው ኪቦርድ ላይ የሰውነታችን ጠንካራዎቹ ሁለት ጣቶች ስፔስ ላይ ብቻ ተጎልተው ነው የሚውሉት፤ ያውም ብዙ ጊዜ አንደኛው ብቻ ነው የሚሠራው። የተከፈሉት ኪቦርዶች ግን በየግማሹ ለአውራ ጣት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዶቹ ስድስት ቁልፍ ይሰጡታል። እዚያ ላይ ሺፍትን፣ ባክስፔስንና ኢንተርን ታወርጃቸዋለሽ። ትንሿ ጣት አረፈች።

«ታዲያ ልግዛው አትለኝም?» ቆይ! ብር ሳታወጪ የምታደርጊያቸው ነገሮች አሉ።

ዛሬውኑ የኪቦርድሽን የኋላ እግሮች እጠፊያቸው። ከዚያ ሺፍትን በተከታታይ አምስት ጊዜ ምቺው። ዊንዶውስ ስቲኪ ኪይስ የሚባል ነገር ላብራ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። አዎ በይው። ከዚያ በኋላ ሺፍትን መያዝ ቀረ፤ ነካ አድርገሽ ትለቂያለሽ፣ ቀጥሎ የምትጫኚው ፊደል ካፒታል ይሆናል። ሁለት ቁልፍ አብረሽ ስትጫኚ ራሱን ሊያጠፋብሽ ይችላል፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብተሽ ያችን ምልክት አንሽው። ከአማርኛ ሶፍትዌርሽ ጋር እንዴት እንደሚግባባ አንድ ቀን ሞክሪው። የመጀመሪያው ቀን ያናድዳል። በሦስተኛው ቀን እጅሽ ይለምደዋል።

ሁለተኛው ሙከራ ሰው ሊስቅብሽ ይችላል፤ ይሳቅ። አንድ ተጨማሪ ርካሽ ኪቦርድ ፈልጊ፤ አሮጌም ይሁን፣ መሥሪያ ቤትሽ ጓዳ የተጣለም ይሁን። ሁለቱንም አንድ ኮምፒውተር ላይ ሰኪያቸው። ዊንዶውስ ሁለቱንም እንደ አንድ ነው የሚያያቸው፤ በአንዱ ሺፍት ይዘሽ በሌላው ፊደል ብትጫኚ ይሠራል። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ በትከሻሽ ልክ አራርቂና ግራ እጅሽ በግራኛው፣ ቀኝ እጅሽ በቀኝኛው ይጻፍ። አንጓሽ ቀጥ እስኪል ድረስ አዘንብያቸው። ማውዙን መሐል አድርጊው። ከየኪቦርዱ ከመሐል በኩል ባለው ጠርዝ ሥር ቀጭን መጽሐፍ አስገቢና እንደ ቤት ክዳን ከፍ ይበል፤ ትንሽ ብቻ። ይኸው ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ አገኘሽ! ጠረጴዛውን ይሞላዋል፣ ያስጠላል፣ ግን የምትፈልጊውን መልስ ይሰጥሻል። በ10 ቀን ውስጥ አንጓሽ ጠዋት ጠዋት ለቀቅ ካለ መራራቁ ይጠቅምሻል ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ የ300 ዶላሩም አይለውጠውም።

ወንበርና ጠረጴዛውንም እዪ። የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚጽፍ ሰው ትከሻውን ሰቅሎ ነው የሚውለው። ከፍ የሚል ወንበር ከሌለ ትራስ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኪቦርድ መድኃኒት አይደለም። የተከፈለው ኪቦርድ አንጓን ቀና እንደሚያደርግ በጥናት ታይቷል፤ የታመመ ነርቭን ያድናል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም። ሌሊት ሌሊት አውራ ጣትሽ፣ ሌባ ጣትሽና መሐል ጣትሽ እየደነዘዙ የሚቀሰቅሱሽ ከሆነ፣ ወይም የሻይ ብርጭቆ ከእጅሽ ማምለጥ ከጀመረ፣ በአንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ትንሿ ጣትሽ ከማቃጠል አልፋ የምትደነዝዝ ከሆነ ደግሞ በክርን በኩል የሚያልፈው ሌላው ነርቭ አለ። እንዲህ ከሆነ የአጥንት ወይም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ከእቁቡ የመጀመሪያውን ብር ለዚያ አውጪ። «እረፍት አድርጊ» ብቻ ከተባልሽም «እሺ፣ ግን ነርቩን ይዩልኝ» በዪ። አትፈሪ።

ደህና፣ ሙከራው ሠራ እንበል። የትኛውን ይምጣልሽ? የመጀመሪያው ነገር የቁልፍ ብዛት ነው። 34 ቁልፍ ብቻ ያላቸው አሉ፤ የኔ ጉድ 42 ነበር፤ ሊሊ58 እና ሶፍል የሚባሉት 58 ገደማ ናቸው፤ ሙንላንደር 72፣ ኤርጎዶክስ 76። ቁልፍ ያነሰበት ኪቦርድ እንደ ፎቅ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሌየር ይሉታል። ምድር ቤት ላይ ፊደሎች ይኖራሉ፤ አንዱን ቁልፍ በአውራ ጣት ስትይዢ አንደኛ ፎቅ ትወጪና እዚያው ቁልፎች ላይ ቁጥርና ምልክት ታገኛለሽ። ጣት ከቦታው ሳይርቅ ሁሉም ደጃፍ ላይ መጣ፤ የሚወዱት ሰዎች በነፍሳቸው ይምሉበታል። ግን አንቺ ቀኑን ሙሉ የውል ቀንና የብር ልክ የምትጽፊ ሰው ነሽ። የቁጥር ረድፉ ይኑርሽ። 58 ወይም ከዚያ በላይ እላለሁ።

ቀጥሎ የእጅሽ መጠን ነው። ትላልቆቹ ላይ የአውራ ጣት ቁልፎች ለትንሽ እጅ ሩቅ ናቸው የሚል ቅሬታ በብዛት ይሰማል፤ እኔም እነካው ብዬ እጄን ከቦታው ነቅያለሁ። ይህን በወረቀት መለየት ትችያለሽ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እየሠራሽ! የአክስትሽ ልጅ የሚያስባቸውን ኪቦርዶች ንድፍ ይላክልሽ፤ በትክክለኛ መጠኑ፣ ሳይሳነስ አትሚው። በማስመሪያ ለኪ፤ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ሌላው መሐል አብዛኛውን ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዝቅ ባሉት ኪቦርዶች ላይ 18 በ17 የሚሆን አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ለጥፊና እጅሽን አሳርፊበት። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጣቶችሽን ዘርጊ፣ እጠፊ፣ አውራ ጣትሽን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሺ፤ ከዚያ ክፈቺ። የጣትሽ ጫፍ ቁልፉ ላይ ነው ወይስ ከቁልፉ ውጪ? መሐል ጣትሽ ረዥም ስለሆነ ዓምዱ ወደ ላይ መውጣት፣ የትንሿ ጣትሽ ደግሞ ወደ ታች መውረድ አለበት። ባላወረዱላት ኪቦርዶች ላይ እንደገና ስትንጠራራ ልትኖር ነው።

ስዊቹን በተመለከተ ብዙ ወሬ ትሰሚያለሽ። ሜካኒካል የሚባለው ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ ሞላ ያለው ነው። ቼሪ ኤምኤክስ የሚባለው ዓይነት 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ፊደሉን የሚጽፈው ግን መንገድ ላይ፣ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። የጎማው ኪቦርድ ላይ እስከ መጨረሻው መደቆስ ነው፤ እዚህ ግን ጣት ገና ወለሉን ሳይነካ ሥራው አልቋል። ይህ ልዩነት ለገጽ ሠራተኛ ትልቅ ነው። ቀዩ ለስላሳ ነው፣ 45 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ቡናማው መሐል ላይ «ደረሰ» ብሎ ጣትን ነካ ያደርጋል። ሰማያዊው ግን... ኧረ ተዪው! እኔ ሰማያዊ ገዝቼ አከራዬ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ በዚህ ሰዓት በቆሎ ትቆላለህ እንዴ?» ብለውኛል። ስዊቹ ያለ ሶልደር የሚነቀልና የሚተከል ይሁንልሽ፤ ቀዩ ካልተስማማሽ ኪቦርዱን ሳይሆን ስዊቹን ብቻ ትለውጫለሽ። አንድ ነገር ልብ በዪ፣ ሜካኒካል ከፍ ስለሚል አንጓ ወደ ላይ ሊቀለበስ ይችላል። ከመዳፍ ሥር የሚሆን መደገፊያ ያስፈልግሻል፤ በምትጽፊበት ጊዜ የምትተኚበት ሳይሆን ስታርፊ የምታሳርፊበት።

ፈጽሞ የማትደራደሪበት ግን ቁልፎቹን እንደፈለግሽ ማስተማር መቻሉ ነው። ኪውኤምኬ በሚባለው የሚሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሺፍት እዚህ ጋ ይሁን፣ እንደ ስቲኪ ኪይስ ነካ ሲደረግ ይስራ ብለሽ አንዴ ትነግሪዋለሽ፤ ትዕዛዙ ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። የአሠሪሽ ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳትጭኚ ትሰኪና ትጽፊያለሽ፤ ማታ ነቅለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ትከቺያለሽ። የአማርኛ ሶፍትዌርሽም ልዩነቱን አያውቅም። የፊደሎቹን ቦታ ግን አሁን አትንኪ! ድቮራክ ይሻላል፣ ኮልማክ ይሻላል የሚልሽ አይጠፋም። አዲስ ቅርጽና አዲስ አቀማመጥ በአንድ ጊዜ መማር ማለት ቤት እየቀየሩ መውለድ ነው።

ገመድ አልባው ይቅርብሽ፤ ቻርጅ አልቆ ደንበኛ ፊት ከመቆም ገመዱ ይሻላል። ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው ገመድ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ እንዳትነቅይው፤ ሊያቃጥለው ይችላል። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ንቀዪ።

«ራሴ ብሠራውስ?» የሚሉ የኤሌክትሮኒክስ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ይቻላል። ስም ያላቸው ተገጣጥመው የሚሸጡት 300 ዶላርን የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ በቁርጥራጭ የሚመጣው ኪት ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ መስጠት ስለማይቻል ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ ይያያዛሉ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያልተጫናችሁትን ፊደል እንዳይጽፍ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንዲት ዳዮድ ትገባለች። ዳዮዷ ፊትና ኋላ አላት። እኔ የአንዱን ግማሽ ዳዮዶች በሙሉ ገልብጬ ሶልደር አድርጌ ቅዳሜዬን ሙሉ ስነቅል ውያለሁ፤ ያዳነኝ አንድ የሞባይል ጥገና ልጅ ነው። ከባዶ የምትነድፉ ከሆነ ደግሞ ሥራውን በወረቀት ጀምሩ፤ የጣቶቻችሁን ጫፍ ቀለም ቀብታችሁ እያንዳንዷን ዘርግታችሁ እጠፏት፤ የተወችው መስመር ዓምዱ ነው። ካርቶን ቆርጣችሁ ስዊቾቹን ሰክታችሁ ሳምንት ሞክሩት፤ ስሪዲ ፕሪንተር የኋላ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን እህቴ፣ ተገጣጥሞ ይምጣልሽ። የታመመ እጅ ይዞ ሶልደር የለም።

ሲመጣም አንድ ችግር አለ፤ ፍጥነትሽ ይወርዳል። በገጽ ለሚከፈለው ሰው ይህ የኪስ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ቀን ሥራሽን በለመድሽው (በሁለቱ ኪቦርዶች) ሥሪና ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት በአዲሱ ተለማመጂ። የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጎርፍበት ወር አትጀምሪው፤ ያን ጊዜ ከአሠሪሽ ጋር መጣላት ነው ትርፉ።

አሁን ስለ እቁቡ የኔን ሐሳብ ልንገርሽ። ስቲኪ ኪይስና ሁለቱ ርካሽ ኪቦርዶች ብቻቸውን ካስተነፈሱሽ ሴሚስተሩን ክፈዪ። አስቀያሚውን ጠረጴዛሽን ይዘሽ ተመረቂ፤ ኪቦርዱ በሚቀጥለው ዓመትም አለ። መራራቁ ጠቅሞሽ ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ጠባብ ጠረጴዛ ሁለት ኪቦርድ አልችል ካለ ብቻ ነው የአክስትሽን ልጅ የምታስቸግሪው። ያን ጊዜም ኮሌጁ በሁለት ጊዜ ይቀበልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ አይሆንም ካሉሽ ትምህርቱ ይቅደም።

ለልጁም እንዲህ ብለሽ ላኪለት፤ «ፎቶው ያምራል፤ ለእኔ ግን የቁጥር ረድፍ ያለው፣ በየግማሹ ለአውራ ጣት ቢያንስ ሦስት ቁልፍ ያለው፣ ስዊቹ የሚነቀል፣ ቀይ ወይም ቡናማ፣ በኪውኤምኬ የሚስተካከል፣ ባለ ገመድ ይሁን። መብራት አያስፈልግም። ሳትገዛ በፊት ንድፉን ላክልኝና በወረቀት ልለካው።»

የሁለቱን ሳምንት ውጤት ጻፊልኝ። ታናሽ እህትሽንም አመስግኚልኝ፤ የእጅ ጽሑፏ እንዴት ያምራል!